ጓዳቸውን ተሸክመው ጠፈር ወጡ

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ።»

ይህ ተረት የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሽምግልና ላይ፣ እድር ላይ፣ የቤተሰብ ጉባኤ ላይ፣ አንዲት ሴት ጥሩ ሐሳብ ባነሳች ቁጥር ከሆነ ጥግ ብቅ የሚል የእኛው የቤት አሽሙር። ተሳስቻለሁ። ያንኑ ተረት በብርሃን ፍጥነት የሚበሩ መርከቦች፣ አፍ አውጥተው የሚከራከሩ ሮቦቶች፣ ሁለት ፀሐይ የሚጠልቅባቸው ፕላኔቶች ባሉበት ዓለም ውስጥ አገኘሁት። በእንግሊዝኛ። ባማረ ሽፋን ታትሞ። ቃሉ አልተጻፈም፤ ታሪኩ ግን ሌላ ነገር አይልም።

የማወራው ስለ የትኞቹ መጻሕፍት እንደሆነ ልናገርና ልቀጥል። ፊልሙ ካለቀ፣ የቴሌቪዥን ድራማው ከተዘጋ በኋላ በባለመብቱ ፈቃድ ታሪኩን እያስረዘሙ የሚጻፉ ሳይንሳዊ ልብ ወለዶች አሉ። የስታር ዋርስ አሉ። የስታር ትሬክ አሉ። በመቶዎች ይቆጠራሉ። እኔ ተቀጥላ እላቸዋለሁ። ሃያሲ ዞር ብሎ አያያቸውም። እኔ ግን አድጌባቸዋለሁ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አስፋልት ዳር መጽሐፍ ከሚዘረጉ ነጋዴዎች፣ ጀርባቸው የተላጠ፣ አንዳንዴም የመጨረሻ ገጻቸው የሌለ፣ ከወንድሜ ጋር ሳንቲም አዋጥተን የምንገዛቸው ነበሩ። ስለዚህ «የማታውቂው ነገር ውስጥ አትግቢ» ሊለኝ የተነሳ ካለ ይቀመጥ። አውቀዋለሁ። የምቆጣውም ስለማውቀው ነው።

(የመጻሕፍቱን ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ጥፋቱ የእነሱ ስለሆነ በእነሱ ቀን ይመዝገብ።)

ሁልጊዜ የሚቀርብልኝ የመጀመሪያው ማመካኛ እንዲህ ይላል፦ «ጥፋቱ የፊልሙ ነው፤ መጽሐፉ ምን ያድርግ?» እውነት ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት የስታር ዋርስ ፊልሞች ከልዕልት ሊያ ሌላ ወግ ያለው ነገር የሚናገሩ ሴቶች በአንድ እጅ ጣት ተቆጥረው ጣት ይተርፋል። እሺ። ፊልም ገንዘብ ይበላል፤ ባለገንዘብ ደግሞ ፈሪ ነው። ወረቀትስ? ወረቀት ላይ አንዲት ሴት ጄኔራል ለማቆም ስንት ብር ይፈጃል? ተዋናይት አትቀጠርም። ልብስ አይሰፋም። ሺህ ወታደር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይሰለፋል። ደራሲው ከልካይ የሌለበት ሰማይ ተሰጥቶታል። አዲስ ፍጥረት ይፈጥራል፣ አዲስ ቋንቋ ያበጃል፣ የተፈጥሮን ሕግ እንደ ቀበቶ ያላላል ያጠብቃል። ባለ ሁለት ራስ ነጋዴ ማሰብ አያቅተውም። ባለ አንድ ራስ ሴት አዛዥ ላይ ሲደርስ ግን ምናቡ እንደ በጋ ምንጭ ይነጥፋል። ይህ የበጀት ችግር ነው? ኧረ ተዉን!

አድሚራል ዳላን ውሰዱ። ኬቨን አንደርሰን በ1994 «ጄዳይ ሰርች» በተባለው መጽሐፉ ያስተዋወቃት የስታር ዋርሱ ክፉ መንግሥት፣ የኢምፓየሩ ጦር ብቸኛ ሴት አድሚራል ናት። ሳገኛት እልል ልል አፌን ከፍቼ ነበር። መልሼ ዘጋሁት። እንዴት አድሚራል ሆነች? በጦር ትምህርት ቤቱ ሴት በመሆኗ ወደ ኋላ ስትቀር፣ በተደበቀ ስም የኮምፒውተር የጦር ጨዋታ ውስጥ ገብታ ወንዶቹን ዘረረቻቸው። በጣም ጥሩ። ከዚያስ? ታርኪን የተባለው ገዥ ማንነቷን ደረሰበት፣ ማዕረግ ሰጣት፣ ውሽማው አደረጋት። አራት ግዙፍ የጦር መርከብ አስረክቦ ብላክ ሆሎች በከበቡት ሚስጥራዊ የጦር መሣሪያ ጣቢያ ውስጥ ሸሸጋት። ሰው ዕቁባቱን ጓሮ ቤት እንደሚደብቅ። ኋላም ከዚያ ስትወጣ፣ ያ ሁሉ የተወራለት ብልሃቷ የት እንደገባ እንጃ፣ መርከቦቿን አንድ በአንድ ታስበላለች። ጎበዝ ናት ሲሉን ሰማን እንጂ ስታሸንፍ መቼ አየን? በአፍ አድሚራል፣ በሥራ መሳቂያ።

ይህን ግን ልብ በሉልኝ። «ኢምፓየሩ ሴት ይንቃል» የሚል ነገር በእነዚያ ሦስት ፊልሞች ውስጥ አንድም ቦታ አልተነገረም። የለም። ፊልም ሠሪዎቹ ሴት መኮንን ማሰለፍ ስላልታያቸው ብቻ ሴት መኮንን አልታየችም። ደራሲዎቹ ይህን ጉድለት አዩ። ሁለት መንገድ ነበራቸው። አንደኛው ሴቶቹን ጽፎ ጉድለቱን መሙላት ነው፤ አንድ መስመር ይበቃል። ሁለተኛው ጉድለቱን ሕግ ማድረግ ነው። ሁለተኛውን መረጡ! የሰው ልጅ እዚህ ምድር ላይ የሠራውን ንቀት ጠቅልለው ወደማያውቀው ጋላክሲ ላኩት፤ ከዚያ «ምን ይደረግ፣ ዓለሙ እንዲያ ነው» አሉን። ዓለሙን ማን ሠራውና? ጓዳውን ራስህ ተሸክመህ ወጥተህ፣ ራስህ ተክለኸው፣ ራስህ ሴቶቹን አስገብተህ ስታበቃ «በሩ ድሮም ተዘግቶ ነበር» ትለኛለህ?

የባሰውን ገና አላነሳሁም።

በዚያው በ1994 ዴቭ ዎልቨርተን ያሳተመው መጽሐፍ አለ፤ «ዘ ኮርትሺፕ ኦፍ ፕሪንሰስ ሊያ»። ርዕሱ ስለ ማጨት ነው የሚያወራው። ኢሶልደር የሚባል ባለጸጋ ልዑል ሊያን ለጋብቻ ይፈልጋታል። የሚያፈቅራት የፊልሙ ጀግና ሃን ሶሎ ይቀናል። መቅናት መብቱ ነው። ምን ያደርጋል? ደጅ ይጠናል? ሽማግሌ ይልካል? የለም። የተተኮሰበትን ሰው ፈቃድ ነጥቆ የታዘዘውን ብቻ እንዲፈጽም የሚያደርግ መሣሪያ ያገኛል። ይተኩስባታል። መርከቡ ላይ ይጭናታል። በካርታ ቁማር ወደበላው ሩቅ ፕላኔት ይዟት ይበራል።

እዚያ ይህ ነገር የፍቅር ጀብዱ ተብሎ ይሸጣል። እኛ ግን ቃል አንቸገርም። ጠለፋ ይባላል። ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ያልተመለሰችውን ልጅ ታሪክ የማያውቅ አማርኛ አንባቢ አለ? የድሮው የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን፣ የ1949 ዓ.ም.ው፣ ጠላፊ የጠለፋትን ሴት ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ትቶለት ነበር። ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው የወንጀል ሕግ ነው ቀዳዳውን የደፈነው፤ ጋብቻው ወንጀሉን አያጥበውም አለ። ብዙ ሴቶች ብዙ ከከፈሉ በኋላ የተገኘ አንድ አንቀጽ ነው።

መጽሐፉ እንዴት ያልቃል? ታገባዋለች።

ግን ግብዝነቱን ሙሉ በሙሉ ለማየት ሃን ሊያን ይዟት የሄደባትን ፕላኔት ማየት ያስፈልጋል። ዳቶሚር ትባላለች። ሴቶች ይገዟታል፤ ጠንቋዮች ናቸው፤ ወንዶቹ ባሪያዎቻቸው ናቸው። ቴነኒየል የምትባል ልጅ የሊያን ወንድም ሉክንና ልዑሉን ማርካ «ባል ላደርግ ነው» ስትል መጽሐፉ ግንባሩን ይቋጥራል። ኋላ ቀርነት ነው፣ አውሬነት ነው፣ የሚያስቅም ነው። እሺ፣ ልክ ነው፤ ሰውን ማርኮ ማግባት አውሬነት ነው። ታዲያ ጥቂት ምዕራፍ ቀደም ብሎ ሃን ያደረገው ምንድን ነበር? ያው መጽሐፍ! ያው ደራሲ! ሴት ወንድን ስትማርክ አረመኔ፣ ወንድ ሴትን ሲጠልፍ አፍቃሪ። አንዱን ድርጊት በሁለት ሚዛን መመዘን ይሉሃል ይህ ነው። ደግሞ ይህን መጽሐፍ ሰው እየሳቀ፣ እየወደደ ያነባል። እኔም በአሥራ አምስት ዓመቴ እየሳቅሁ አንብቤዋለሁ። የሚያናድደኝ እሱም ነው።

ስለ ካሊስታ ብዙ አልልም፤ አንድ አንቀጽ ይበቃታል፤ ደራሲዎቹም ከዚያ ብዙ አልሰጧት። በ1995ቱ የባርባራ ሃምብሊ መጽሐፍ ሉክ በአንድ የጦር መርከብ ኮምፒውተር ውስጥ ነፍሷ ታስሮ የኖረች፣ ረቂቅ ኃይል ካላቸው የጄዳይ ተዋጊዎች አንዷ የሆነች ሴት ያፈቅራል። ነፍስ አላት፣ ሥጋ የላትም። ችግሩ እንዴት ተፈታ? ክሬይ የምትባል የሉክ ተማሪ፣ በሙያዋ አንቱ የተባለች ሳይንቲስት፣ ከእጮኛዋ ጋር መሞትን ትመርጣለች፤ ካሊስታ ባዶ የቀረ ሥጋዋን ትለብሳለች። አንዷ ሴት ለሌላዋ እንደ ነጠላ ተገፈፈች። ጀግናው ፍቅረኛ እንዲያገኝ። ካሊስታም ሥጋውን ስታገኝ ኃይሏን አጣች። ሁለት ሴት ገብቶ ግማሽ ወጣ።

አሁን ወደ ማራ ጄድ።

ቲሞቲ ዛን በ1991 «ኤር ቱ ዚ ኢምፓየር» ሲጽፍ ከፈጠራቸው አዳዲስ ሰዎች ሁለቱን ልጥራ። አንዱ ሰማያዊ ቆዳ ያለው ስልተኛ የጦር መሪ፣ ትሮን። ሌላዋ ማራ። የኢምፓየሩ ንጉሠ ነገሥት የግል ሰላይና ገዳይ የነበረች፣ ጌታዋ ሲሞት ሁሉን ያጣች፣ ከኮንትሮባንዲስቶች ጋር ተጠግታ ሉክ ስካይዎከርን የምትገድልበትን ቀን የምትቆጥር ሴት። ይህችን ሴት ወደድኳት ማለት ያንሳል። ምላሷ ይቆርጣል። ትሳሳታለች፤ ስህተቷን ራሷ ትከፍላለች። ማንም እስኪያድናት አትጠብቅም። በጭንቅላቷ ውስጥ የሚጮኸውን የሟች ጌታዋን ትእዛዝ በሦስተኛው መጽሐፍ እንዴት እንደምትወጣው ሳነብ መንገድ ላይ ቆሜ ነበር፤ ታክሲ አመለጠኝ። የጻፋት ወንድ ነው። ስለዚህ «ወንድ ሴትን መጻፍ አይችልም» እያልኩ አይደለም። ይችላል። ሲፈልግ።

ከዚያ ዳሯት። በ1998 ሉክ ጠየቃት፤ እሺ አለች። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ከዚያ ግን ሴትየዋ እያየኋት ተነነች። ታመመች። ወለደች። «የሉክ ሚስት» ሆነች፣ «የቤን እናት» ሆነች። በየመጽሐፉ ገጿ አነሰ፤ ምላሷ ዶለዶመ። በ2007 ደግሞ ገደሏት።

እንዴት እንደገደሏት ልንገራችሁ፤ አገዳደሉ ራሱ ይናገራልና። መጽሐፉ «ሳክሪፋይስ» ይባላል፤ መሥዋዕት ማለት ነው። የባሏ እህት ልጅ ጄሰን ወደ ክፋት እየወረደ ነው። ማራ ከሁሉም ቀድማ ነቃችበት፤ ብቻዋን ገጠመችው፤ ልታሸንፈውም ተቃረበች። ይሄኔ ጄሰን የልጇን የቤንን ፊት ለብሶ ታያት። ለቅጽበት እጇ ዛለ። በመርዝ ወጋት። እናትነቷን ቢላ አድርገው ሳሉባት! የንጉሠ ነገሥቱን ትእዛዝ የረታችው ሴት፣ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ፣ «እናት ስለሆነች» ተሸነፈች። በዚህም አላበቃም። ሉክ የሚስቱን ደም ሊመልስ ተነሳ። ማንን ገደለ? ገዳዩን ጄሰንን? የለም፤ ሉሚያ የምትባል ሌላ ሴት። ያልሠራችውን! አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። በአንድ መጽሐፍ፣ በአንድ ወንድ ጥፋት፣ ሁለት ሴት ሬሳ። ወንዶቹ ደግሞ ቀጣዮቹን መጻሕፍት የሚሞሉበት ሐዘንና ቁጣ አገኙ። መሥዋዕት የተባለው ለካ ይሄ ነው።

«መጽሐፉን የጻፈችው እኮ ሴት ናት፤ ካረን ትራቪስ።» አዎ። የካሊስታንም ሴት ጻፈችው። ምን ይሁን? በእኛ ሀገር ሴት ልጅን ይዛ የምታስገርዘው ማናት? አያት አይደለችም? የደራሲዋ ቀሚስ ታሪኩን አያጸድቀውም። «ሳክሪፋይስ» ያለበት ተከታታይ በሦስት ደራሲዎች ተራ በተራ የተጻፈ ባለ ዘጠኝ መጽሐፍ ሥራ ነው፤ ታሪኩ ከመጽሐፍ መጽሐፍ እየተያያዘ የሚሄድ። ይህን ያህል ሞት እንዲያው እግረ መንገድ አይጻፍም።

አንድ ጊዜ ነው፣ ይደርሳል፣ ብለን እንለፈው? በዚያው በ2007፣ በሌላው ሰማይ፣ ምን ሆነ? በስታር ትሬክ ታሪክ ተከታታይ ድራማ በዋና ካፒቴንነት የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ካትሪን ጄንዌይ ናት። ከ1995 እስከ 2001 ሰባት ዓመት ሙሉ መርከቧን ከጋላክሲው ማዶ እየመራች አገሯ አስገባች። ተከታዮቹ መጻሕፍት አድሚራል አድርገው ተቀበሏት። በ2007 ፒተር ዴቪድ በጻፈው «ቢፎር ዲስኦነር» ውስጥ ግን ይህችው ሴት፣ ግማሽ ሰው ግማሽ ማሽን የሆኑትን ጠላቶቿን ቦርጎችን ከማንም በላይ የምታውቀው ሴት፣ ማስጠንቀቂያ እየተነገራት አንድ የቦርግ መርከብ ልትመረምር ዘው ብላ ገባች። ዋጧት። ንግሥታቸው አደረጓት። ሞተች። የሰባት ዓመት ብልህነት በአንድ መጽሐፍ ጅልነት ተሰረዘ። እስክትነሳ 5 ዓመት ፈጀ፤ በ2012 ነው ኪርስተን ባየር መልሳ ያስነሳቻት።

የመጀመሪያው ስታር ትሬክ ዋና ሰው፣ ካፒቴን ከርክስ? ከርክ በ1994 ፊልም ላይ ሞተ። ሞቱ በሰፊው ሸራ፣ በዓለም ሁሉ ፊት ታየ። በ1996፣ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው ማለት ይቻላል፣ በተቀጥላ መጽሐፍ ተነሳ። መጽሐፉ ላይ ስሙን ያኖረው ማን ይመስላችኋል? ራሱ የከርክ ተዋናይ ዊልያም ሻትነር! በማን ጥበብ አስነሱት? በቦርጎች። አያችሁ? ያው ጠላት፣ ያው ማሽን፣ ለወንዱ ትንሣኤ፣ ለሴቷ መቃብር። ይህንን ፈጥሬ ብጽፈው «አጋነንሽው» ትሉኝ ነበር።

ወንድሜ እዚህ ላይ ሁልጊዜ ያቋርጠኛል። «አንቺ ደግሞ! ልብ ወለድ ውስጥ ሁሉም ይሞታል። የሃን ባልንጀራ ቹባካም ሞቷል።» ሞቷል። በ1999፣ ፕላኔት ሙሉ ሰማይ ወድቆባት። ሞቱን ስንቱ አለቀሰለት፤ ራሱን የቻለ የጀግና አሟሟት ነበር። እኔ የምጠይቀው ማን ሞተ ብዬ አይደለም። ማን ለምን ሞተ ነው። ደግሞም ማን ተመለሰ ነው።

ማን ተመለሰ? በ2014 የስታር ዋርስ ባለቤቶች የቆዩትን መጻሕፍት በሙሉ «አፈ ታሪክ ናቸው» ብለው በአንድ ቀን ከታሪኩ አወጧቸው። እኩልነት ይሉሃል ይህ ነው፤ ወንድ ሴት ሳይለይ ሁሉም ተጠረገ። መልካም። ከዚያ የፈለጉትን መልሰው ያስገቡ ጀመር። ትሮን፣ ያ ሰማያዊው፣ በ1993 መጽሐፍ ውስጥ በገዛ ጠባቂው ተወግቶ የሞተው፣ በ2016 በካርቱን ድራማ ተመለሰ። በ2017 አዲስ መጽሐፍ ተጻፈለት፤ ያውም በፈጣሪው በዛን እጅ። በ2023 ሥጋ ለብሶ በተዋናይ ታየ። ማራስ? ከትሮን ጋር በአንድ መጽሐፍ፣ በአንድ ዓመት፣ ከአንድ ብዕር የተወለደችው ማራስ? የለችም። ይኸው እስከ ዛሬ።

ለምን ስትሉ መልሱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል፦ «በአዲሱ ታሪክ ሉክ ሚስት የለውም፤ እሷን የት እናስገባት?»

ይህን መልስ ቀስ ብላችሁ ድገሙት። ሉክ ሚስት ከሌለው ማራ ልትኖር አትችልም። ሰላይ ነበረች፣ ገዳይ ነበረች፣ ነጋዴ ነበረች፣ ከሉክ ጋር ሳትጋባ 7 ዓመት ሙሉ በመጻሕፍት ውስጥ ኖራለች። ይህ ሁሉ አይቆጠርም። ባል ከሌላት የምትገባበት በር የለም። እኔ ስጮኽ የኖርኩትን እነሱ ራሳቸው አስረዱልኝ። ጠበቃዬን ከእነሱ ወገን አገኘሁ!

ሌላው ማመካኛ ገበያ ነው። «አንባቢው ወንድ ነው፤ ወንድ የሚፈልገውን ይጽፋሉ።» ውሸት ነው፤ ያውም ታሪክ የማያውቅ ውሸት። ስታር ትሬክ በ1960ዎቹ መጨረሻ ሊዘጋ ሲል ደብዳቤ አስጽፈው ያተረፉት እነማን ነበሩ? ዘመቻውን ከፊት ሆና የመራችው ቢጆ ትሪምብል የምትባል ሴት ናት፤ ከባሏ ጋር። በ1980ዎቹ የስታር ትሬክን መጻሕፍት ያቆሙት ቮንዳ ማኪንታየር፣ ዳያን ዱዌን፣ አን ክሪስፒን፣ ጃኔት ኬጋን ናቸው። ሴቶች። መጽሐፎቻቸው ተሸጠዋል። ሴቲቱ ሰው ሆና ስትጻፍ ገበያው ሰማይ አልተደፋበትም። በእንግሊዞቹ የቴሌቪዥን ድራማ «ዶክተር ሁ» ተቀጥላዎች ውስጥ በ1992 የተፈጠረችው በርኒስ የምትባል አርኪዮሎጂስት እንዲያውም አሳታሚው በ1997 የዶክተሩን ፈቃድ ሲያጣ መጻሕፍቱን ብቻዋን ተሸክማ ቀጠለች። ዋናው ሰውዬ ሄደ፤ እሷ ቆየች። ይቻላል ማለት ነው። ይቻል ነበር።

ደግሞ የመጀመሪያው ስታር ትሬክ መኮንን ኡሁራ አለች። ስሟ «ኡሁሩ» ከሚለው የስዋሂሊ ቃል ነው የተወሰደው፤ ነፃነት። ተዋናይቷ ኒሼል ኒኮልስ ሥራውን ልትተው ስትል ማርቲን ሉተር ኪንግ ራሱ ለምኖ አስቀርቷታል። ኡሁራ ግን በድራማው ሦስት ዓመት ሙሉ ሲጠሯት የግል ስም አልነበራትም። ጎረቤት ልጅ እንኳ ስም አለው! ስሙን የሰጣት መጽሐፍ ነው። በ1982 በወጣ ተቀጥላ መጽሐፍ «ንዮታ» ተባለች፤ በስዋሂሊ ኮከብ ማለት ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ኬጋን «ኡሁራስ ሶንግ» ብላ ሙሉ ልብ ወለድ ጻፈችላት፤ ወረርሽኝ የሚፈታው ኡሁራ በምታውቀው ዜማ ነው። ሲኒማው ግን ያንን ስም በአፉ ለመጥራት እስከ 2009 ቆየ። ይኸው ነው የተቀጥላ መጽሐፍ አቅም። ሲኒማ 27 ዓመት የፈጀበትን ደፋር ብዕር በአንድ ቃል ይሠራዋል። እንግዲህ አቅሙ እያለ አለማድረግ ምን ይባላል? አለማወቅ ነው? እንቢተኝነት አይደለም?

አሁን ዝም ወዳላችሁት ልምጣ። ይህን ጽሑፍ እያነበባችሁ አንገታችሁን የምትነቀንቁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ማራ ስትሞት የከፋችሁ፣ ሃን መሣሪያውን ሲደቅን ገጹ ላይ ትንሽ የቆማችሁ። ለምን ዝም አላችሁ? «ተራ የሮኬት መጽሐፍ ላይ ይህን ያህል ትወርጃለሽ» እንዳትባሉ። «ሁሉን ነገር የሴት ጉዳይ ታደርጊዋለሽ» እንዳትባሉ። «ፖለቲካ አታስገቢ» እንዳትባሉ። እና ፖለቲካ ያስገባሁት እኔ ነኝ? ጠለፋውን እኔ ጻፍኩት? ደግሞ «ተራ ነው» የሚሉት ሰዎች እነማን እንደሆኑ አስተውላችኋል? ልጅቷ በሞተች ጊዜ «ልብ ወለድ ነው እኮ፣ ተረጋጊ» የሚሉት፣ በአዲስ ፊልም ሴት ልጅ ሰይፍ ስትይዝ «ልጅነታችንን አረከሳችሁት» ብለው የሚያብዱት ያው ራሳቸው አይደሉም? ኬሊ ማሪ ትራን የተባለችውን ተዋናይት በ2018 ከኢንስታግራም ገጿ ጽሑፏን ሁሉ አጥፍታ እስክትወጣ የሰደቧት «ተራ ነው» ባዮች አልነበሩም? ሴቷ ስትሞት ተራ፣ ሴቷ ስትመራ የሞት የሽረት ጉዳይ!

በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ አንድ ሐሳብ አቀረብኩ። ዝም ተባለ። ሻይ ቀረበ። ከሻይ በኋላ አንድ ባልደረባዬ ያንኑ ሐሳብ ድምፁን ወፈር አድርጎ ደገመው፤ ተጨበጨበለት። ሰብሳቢው «ይህን ነበር ስንፈልግ የነበረው» አሉ፤ በደስታ፣ ያለ አንዳች ክፋት። አልገረመኝም። አንብቤዋለሁ። ያ ባልደረባዬም የሆነ ቦታ አንብቦታል፣ አይቶታል፣ ተረት ተነግሮታል። ሴት ታውቃለች፤ ያልቃል ግን በወንድ።

የእህቴ ልጅ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ክረምት የዛንን ሦስት መጻሕፍት ከመደርደሪያዬ አወጣሁላት፤ ጀርባቸው ተላጥቶ በፕላስተር የተለጠፉትን። በሁለት ሳምንት ጨረሰቻቸው። ቡና እያፈላሁ መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች።

«አክስቴ፣ ማራ ከዚህ በኋላ ምን ትሆናለች?»

«ሦስት ብቻ ነው የተጻፈው» አልኳት። ይህን ሁሉ የምጮኸው እኔ።

ልጅቷ ፊቴን አየችኝ። ከዚያ ቀና ብላ ቁም ሳጥኑን አየች።

«እላይ ያስቀመጥሽውስ? ሽፋኑ ላይ ስታር ዋርስ ይላል።»